ልጄ አላለፈም ማለት ምን ማለት ነው?

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ እናቶችና አባቶች፣ ይህ ንግግር በራዲዮ የተነገረ ነው። አሁን በጽሑፍ ይዛችሁታል። ቀስ እያላችሁ፣ በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡት። ያልገባችሁ መስመር ካለ ተመልሳችሁ ድገሙት። የሚያቻኩላችሁ የለም።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና ነው። «እኛ ገና ፊደል መለየታችን ነው፤ 12ኛ ክፍል ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ያገባችኋል እንጂ! ልጁ ነፋስ መውጫ ወይም አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ቤት ተከራይቶ ሲማር ስንቁን የምትቋጥሩለት እናንተ ናችሁ። በሶው የሚወቀጠው፣ ድርቆሹ የሚሰጣው በእናንተ ቤት ነው። ለደብተርና ለቤት ኪራይ በጉ የሚሸጠው ከእናንተ በረት ነው። ውጤቱ ሲመጣ ግን የሚያነበው ሌላ ሰው ነው። እናንተ የምትሰሙት «አለፈ» ወይም «ወደቀ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ናት።

እኔ ራሴ ማትሪክ ወድቄአለሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ያን ጊዜ ማትሪክ ይባል ነበር፤ ዛሬም ብዙ ሰው በዚሁ ስም ይጠራዋል። ጊዜው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ውጤታችንን ከትምህርት ቤት በወረቀት ጽፈው ሰጡን። ከከተማው እስከ ቀያችን የአምስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። መንገዱን ሁሉ «ምን ብዬ እነግረዋለሁ?» እያልሁ ሄድሁ። ስደርስ አባቴ ከደጃፍ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። ወረቀቱን ተቀበለኝ። ገልብጦ ያዘው፤ ፊደሉ ቁልቁል ሆነ። «ምን ይላል?» አለኝ። «ውጤቱ ገና ነው ይላል፣ አባየ» አልሁት።

አመነኝ። ወረቀቱን አጥፎ ከማገሩ ሥር ሻጠው። ወረቀቱ እዚያ ወራት ተቀመጠ። ጎረቤት በጠየቀው ቁጥር «ገና ነው፤ ወረቀቱ ይኸውና» እያለ ወደ ማገሩ ያሳይ ነበር። እኔ ደግሞ ቀን ከበሬ ጀርባ፣ ማታ ከምድጃ ጥግ እየተደበቅሁ ከረምሁ። ደግሞ ለመፈተን ምዝገባ ነበረ። ልመዘገብ ብል ውሸቴ ሊታወቅብኝ ነው፤ ስለዚህ ዝም አልሁ። ምዝገባው አለፈ። በመውደቄ ያጣሁት ጥቂት ነበር። በመደበቄ ግን አንድ ዓመት አጣሁ።

የዚህን ታሪክ ቀሪ በኋላ እነግራችኋለሁ። አስቀድመን ፈተናው ምን እንደ ሆነ እንይ።

ፈተናው አገር አቀፍ ነው። ከአዲስ አበባም ሆነ ከስማዳ የመጣ ተማሪ አንድ ዓይነት ፈተና ይፈተናል። ቀድሞ ልጆች በየትምህርት ቤታቸው ይፈተኑ ነበር። ፈተና ተሰረቀ፣ መልስ በስልክ ተላለፈ እየተባለ ብዙ ችግር ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች እየሄዱ፣ እዚያው እያደሩ እንዲፈተኑ ተደረገ። ስልክ ይዞ መግባት ተከለከለ። ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት ደግሞ ከመቶ 50 ማምጣት ግድ ሆነ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም አንዳንዱ ተማሪ በወረቀት፣ አንዳንዱ በኮምፒውተር ይፈተን ጀመር።

ስርቆቱ መቅረቱ ደግ ነው። እኔ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን መሸፈኛው ሲገለጥ ከሥሩ ያለው ታየ።

እስቲ ከጎተራ መቶ ፍሬ ባቄላ ቆጥራችሁ መደቡ ላይ አፍስሱ። በመጀመሪያው ዓመት ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 እና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ። ከመቶ 3.3 ማለት ነው። ስለዚህ ከመቶው ባቄላ ሦስቱን ወደዚህ፣ ዘጠና ሰባቱን ወደዚያ አድርጉ። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2 ሆነ። በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ደረሰ። ከፍ እያለ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬም ከመቶው ፍሬ ዘጠና ያህሉ በዚያኛው ወገን ነው።

እናንተ ገበሬዎች ናችሁ። መቶ ፍሬ ዘርታችሁ ሦስት ብቻ ቢበቅል ዘሩን ብቻ ትወቅሳላችሁን? መሬቱን ታያላችሁ፤ ዝናቡን ታያላችሁ፤ ተባይ ገብቶ እንደ ሆነ ትመረምራላችሁ። ለልጅም ሲሆን እንዲሁ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ቀርተዋል። አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ሰነፍ ሆኖ ነውን? መጽሐፍ ለስንት ልጅ ስንት ደረሰ? የፊዚክስ አስተማሪ ነበረ ወይ? ይህን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ልጃችሁ ከፍ ወዳለው ክፍል እስኪደርስ በአማርኛ ሲማር ቆይቶ ነው ሁሉ ነገር በእንግሊዝኛ የሚሆንበት። ታሪኩን የሚያውቅ ልጅ ጥያቄው ሳይገባው ይቀራል። በዚህ ላይ ያገራችንን ነገር ጨምሩበት። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ርቀዋል። መንገድ ተዘግቶ፣ አስተማሪ ሸሽቶ፣ ልጅ በሰቀቀን ተቀምጦ ያለፈን ዓመት ፈተናው አይቆጥርለትም። ፈተናው የሚቆጥረው መልሱን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንሂድ። በዛሬ ጊዜ ውጤት በስልክ ይታያል። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ቢሆንም ቁጥሩን ታነቡታላችሁ። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ፈተናው ስድስት ትምህርት ነበረ። እያንዳንዱ ከ100 ይታሰባል። ድምሩ 600 ነው። የ600 ግማሽ 300 ነው። 300 ያመጣ አለፈ ይባላል።

አንድ ተማሪ እንበል እንዲህ አመጣ። እንግሊዝኛ 34፣ ሒሳብ 29፣ የአእምሮ ችሎታ መለኪያው ፈተና 41፣ ጂኦግራፊ 44፣ ታሪክ 40፣ ኢኮኖሚክስ 33። ደምሩት። 221 ይመጣል። ከ300 ላይ ሲቀነስ 79 ይቀራል። ይህንን 79 ለስድስቱ ትምህርት ብታካፍሉት ለእያንዳንዱ 13 ነጥብ ይደርሰዋል፤ አንድ ነጥብም ይተርፋል። ልጁ ያነሰው እንግዲህ ይህን ያህል ነው። «ወደቀ» ብቻ ሲባል ሁሉ ነገር የጠፋ ይመስላል። ሲደመር ሲቀነስ ግን የጎደለው ይታወቃል። የትኛው ትምህርት እንደ ጎተተውም ይታያል። በዚህ ልጅ ላይ የከበደው ሒሳብ ነው። ጂኦግራፊ ግን ሊሞላ ስድስት ብቻ ቀረው።

ደግሞም ይህን ያዙ። 12ኛ ክፍልን መጨረስ አንድ ነገር ነው፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ማምጣት ሌላ ነገር ነው። 50 ያላመጣ ልጅ ዓሥራ ሁለት ዓመት ተምሯል። የትምህርት ማስረጃው የራሱ ነው። ማንም አይቀማውም።

«ታዲያ ፈተናው ለምን ጨርሶ አይቀርም?» ያሉኝ አንድ እናት ነበሩ። በሌላውም ዓለም ይህ ክርክር አለ። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በሚባለው ክፍለ አገር ልጆች ሁለተኛ ደረጃን ለመጨረስ የክፍለ አገሩን ፈተና ማለፍ ነበረባቸው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ይህን ግዴታ አነሣው። እዚያ ልጁ ትምህርቱን በሚገባ ከተከታተለ ይበቃዋል ተባለ። የእኛው ግን ከዚያ ይለያል። የእኛ ፈተና የዩኒቨርሲቲ በር ነው፤ ወንበሩም ለሁሉ አይደርስም። በእኔ አስተያየት ፈተናው ይኑር። የጥቂት ቀን ፈተና የዓሥራ ሁለት ዓመትን ልፋት ብቻውን ሲዳኝ ግን ደስ አይለኝም።

እኛ ጋ እኮ ከጥንት ሌላ ዓይነት ፈተና አለ። የጋይንቱን ቤተልሔም ታውቁታላችሁ። ድጓ የተማረ ሁሉ እዚያ ወርዶ ያስመሰክራል። ሳያስመሰክር የድጓ መምህር ሊባል አይችልም። ፈተናው እንደሆነ ከባድ ነው። ነገር ግን ተማሪው በዚህ ቀን ካልቻልህ ቀረብህ አይባልም። ያልጸናለትን ይቀጽላል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ እንደገና ይላል። አንዱ በጥቂት ዓመት ያደርሳል፤ ሌላው ብዙ ይቆያል። ድጓ ያልሆነለት ደግሞ ወደ ቅኔ ቤት ይሻገራል። የቆሎ ተማሪ ቤት ቀየረ ብሎ የሚስቅበት የለም። ለዘመናዊው ተማሪ ስንሆን ይህንን ትዕግሥት ከየት ጣልነው?

50 ላላመጣ ልጅ ያሉት መንገዶች እነዚህ ናቸው።

አንደኛው ሪሚዲያል የሚሉት ነው። የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ማለት ነው። የተጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው። 50 ካላመጡት መካከል የተሻለ ነጥብ ያላቸው ይመረጡና በዩኒቨርሲቲ ለጥቂት ወራት ይማራሉ። ከዚያ ይፈተናሉ። ካለፉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይሆናሉ። በመጀመሪያው ዓመት ይህ ዕድል ከመቶ ሺህ በላይ ለሆኑ ልጆች ተሰጥቷል። የመግቢያው ነጥብ በየጊዜው ይወሰናል፤ ለሴቶች ዝቅ ያለ ነጥብ የተቆረጠበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ «ልጄ 221 አመጣች፤ አበቃ» አትበሉ። ማስታወቂያው ሲወጣ አንብቡ፤ አስነብቡም። ቀኑን ማሳለፍ ነጥብ ከማነስ ይከፋል። እኔ አይቼዋለሁ።

ሌላው በግል ተመዝግቦ ደግሞ መፈተን ነው። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል። ልጁ ቀን ሙሉ ሲያርስ ሲያርም ውሎ ማታ ዓይኑ እየተጨፈነ አያጠናም። ሊፈተን ከሆነ ሰዓት ስጡት። ቢቻል ሁለት ሦስት ሆነው ያጥኑ።

ሦስተኛውን ግን ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሰው ይንቀዋልና። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ነው። በደብረ ታቦር ኮሌጅ አለ። ብየዳ፣ ግንባታ፣ ኤሌክትሪክ፣ ልብስ ስፌትና ሌላም ሙያ በየደረጃው ይሰጣል። «ልጄን ያስተማርሁት ብረት እንዲቀጠቅጥ ነው?» የሚል አባት ሞልቷል። በድሮ ጊዜ ቀጥቃጩን ባለእጅ ብለን አራቅነው። ማረሻችንን ግን ከእሱ በቀር የሚሠራልን አልነበረም።

ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። አፄ ቴዎድሮስ ከውጭ የመጡትን የእጅ ባለሙያዎችና ያገራችንን ሠራተኞች እዚያ ሰብስበው መድፍ ያስቀልጡ ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ የተሠራው በዚያ ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነው። በ1860 ዓ.ም. ያንን መድፍ እየጎተቱ በጋይንትና በጨጨሆ አልፈው መቅደላ አደረሱት። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ጠርገዋል ይባላል። የሠራው እጅ የእናንተ አያቶች ጎረቤት እጅ ነው። ያ ሙያ ተንቆ ባይቀር ዛሬ ወፍጮ በተበላሸ ቁጥር ባለሙያ ከሩቅ ባላስመጣን ነበር።

የሙያ ምዘናም አለ። ሠልጣኙ የተማረውን በእጁ ሠርቶ ያሳያል። ውጤቱ «ብቁ ነው» ወይም «ገና አልበቃም» ነው። ገና የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ። ያልበቃ ሠልጥኖ ይመለሳል። የቤተልሔሙን ነገር አይመስልምን?

አሁን ከእናንተ ስለሚፈለገው ትንሽ ልበል። ውጤት የመጣ ዕለት ልጁ ላይ አትጩኹ። እሱ አስቀድሞ በራሱ ጮኾበታል። አንዳንዱ ልጅ በዚያች ሌሊት ሳይናገር ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ ለቀን ሥራ ይጠፋል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ «እንግዲህ ካላለፈች ትዳር» ይባልና በዚያው በጋ ትዳራለች። ወይም ደላላ መጥቶ ወደ ዓረብ አገር ይልካታል። ዕድሏን ገና ሳትሞክረው! ማስታወቂያው እስኪወጣ ጥቂት ወር መታገሥ ምን ይጎዳል? ሌላም ደላላ አለ፤ ገንዘብ ክፈሉና ያለፈ ወረቀት ላምጣላችሁ የሚል። አትስሙት። ማስረጃ ይመረመራል። ሐሰተኛ ወረቀት ይዞ የተገኘ ልጅ እውነተኛውንም ያጣል።

ልጁን ቁጭ አድርጉና «እስቲ ቁጥሩን አሳየኝ» በሉት። አብራችሁ ደምሩ። እሱ ሲያነብ እናንተም አንብቡ።

የአባቴን ነገር ልጨርስላችሁ ብያለሁ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ተጀመረ። ቆይቶ እኛ ቀበሌም ደረሰ። አባቴ ጠጉሩ ሸብቶ ፊደል ቆጠረ። መጀመሪያ ስሙን ጻፈ። ቀጥሎ የቡና ከረጢት፣ የጨርቅ ምልክት፣ ያገኘውን ሁሉ ማንበብ ጀመረ። አንድ ማታ ኩራዙ በርቶ ተቀምጠን ሳለ ተነሣ። ከማገሩ ሥር ያችን ወረቀት አወጣ። ጭስ አልብሷት ጠቁራለች። እኔ ልቤ ቆመ። እሱ በጣቱ እየተከተለ «አ… ላ… ለ… ፈ… ም» ብሎ አነበበ። ደግሞ አነበበው። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። እናቴ ምጣዱን ይዛ እንደ ቆመች ቀረች።

«የትኛው ነው ያቃተህ?» አለኝ።

«ሒሳብ» አልሁት።

«ሒሳብ የሚያስጠናህ ሰው ከተማ ውስጥ የለም?»

«አለ። ግን ያስከፍላል፣ አባየ።»

ሌላ አልተናገረኝም። ወረቀቷን አጥፎ፣ በዚህ ጊዜ ከማገሩ ሳይሆን ከኪሱ ከተታት። በበነጋው የገበያ ቀን ነበር። ከቤት ስወጣ ጠቦቱን በገመድ ይዞ ደጅ ላይ ይጠብቀኝ ነበር። በዚያው ዓመት በግል ተመዝግቤ ተፈተንሁ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አሁንም አላመጣሁም። ለመምህራን ማሠልጠኛ ግን በቃኝ፤ ሒሳብም ሳስተምር ኖርሁ።